ለአሥር ሰዓት ሻይ ለተጠራችው ልጅ

እናትሽ ትናንት ማታ ነገረችኝ። ባዝ ወደሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ለኮምፒውተር ትምህርት ልትሄጂ ነው፤ የምትቀበልሽ መምህር ደግሞ ገና ከአሁኑ፣ በደረስሽ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሻይ ቤት ልትጋብዝሽ ጽፋልሻለች። «ጋሼ፣ ሹካና ቢላ አያያዝ ያሳዩልኝ፤ እዚያ ሄዳ እንዳታሳፍረን» አለችኝ እናትሽ። ሹካ አያያዝ በአምስት ደቂቃ ይለመዳል፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንኩ።

አንቺ የምታውቂኝ እዚህ ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ጋዜጣ ይዤ ስቀመጥ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ግን 31 ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። ነጭ ኮት ለብሼ ለኤምባሲ ሰዎችና ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት እንግዶች የሻይ በራድ ተሸክሜያለሁ። ኋላ ደግሞ ልጄ ባዝ ስለምትኖር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳቀርበው የኖርኩት ትሪ ለእኔ ሲቀርብልኝ አይቻለሁ። ቆሞ የሚያስተናግድና ተቀምጦ የሚስተናገድ ሰው የሚያዩት ለየቅል ነው። ሁለቱንም ስላየሁ የምነግርሽ አለኝ። ዓመተ ምሕረቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ የምትሄጂው እዚያ ስለሆነ።

1. ስሙ አያስፈራሽ። እነሱ አፍተርኑን ቲ ይሉታል፤ እኛ መክሰስ እንለዋለን። ምሳ ካለፈ በኋላ፣ እራት ሳይደርስ፣ ሆድ ሲጠይቅ የሚቀመስ ነገር ነው። አጀማመሩም እንደሚተረከው ከረሃብ ነው። በ1840 አካባቢ የባላባቱ ቤት እራት እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ማታ 2 ሰዓት ደረሰ። አና የምትባል የቤድፎርድ ዱቼስ፣ የመስፍን ሚስት ማለት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ልቧ እየዛለ ስላስቸገራት ሻይና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ወደ ክፍሏ ታስመጣ ጀመር። ብቻዋን መብላቱ ደስ ስላላላት ወዳጆቿን ጠራች። ነገሩ ከዚያ ተስፋፋ።

አሁን ተነሺና በ10 ሰዓት ወደ እኛ ሻይ ቤት ብቅ በዪ። የታክሲው ረዳት ቦምቦሊኖውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። መካኒኩ የግራሶ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሻይ በዝንጅብል ያዛል። ከጎኑ ያለው ፓስቲውን ለሁለት ቆርሶ ለጓደኛው ይሰጣል። ዱቼሷ ያደረገችውም ከዚህ አይበልጥም። የምታውቂውን ነገር በማታውቂው ዕቃ ነው የሚያቀርቡልሽ፤ ልምዱ ያለሽ ስለሆነ ዕቃውን ብቻ ተለማመጂ።

2. ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ቁጠሪ። መምህርሽ አራት ሰዓት ካለችሽ በእኛ 10 ሰዓት ማለቷ ነው። ይህን ማን ያጣዋል ብለሽ አትሳቂ፤ እኔ አጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ልጄ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የሻይ ቤቱን አድራሻና «3፡00» የሚል ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ትታልኝ ሄደች። ዕድሜዬን በሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ልቤ ገና ኮልፌ ነበር። 3 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእነሱ ከጠዋቱ ዘጠኝ፣ ካፖርቴን ቆልፌ፣ ከረባቴን አጥብቄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ያካፋል። በሩ ዝግ ነው። ወለል የምትወለውል ልጅ በመስኮቱ አየችኝና ደንግጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሌባ ነው ብላ ይሁን ለማኝ ነው ብላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቀጠሮው ከስድስት ሰዓት በኋላ መሆኑ የገባኝ ልጄ ጋ ስደውል ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ከተማዋን በዝናብ ዞርኳት። በዚህ ምክንያት ባዝን ከብዙ ነዋሪዋ የተሻለ አውቃታለሁ፤ መንገድ ከጠፋሽ ደውዪልኝ።

እናትሽንም አስቢያት። በክረምታቸው አንቺ 10 ሰዓት ላይ ሻይ ስትቀጂ፣ እሷ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። በበጋቸው ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደውለሽ አታስደንግጪያት።

3. ጾምሽን አስቀድመሽ ተናገሪ። ያ የዝናብ ቀኔ ዐርብ ነበር። ብርዱ አጥንቴ ገብቶ፣ ሆዴ ተጣብቆ 9 ሰዓት ላይ ስቀመጥ ትሪው መጣ። በእንቁላል የተሞላ ሳንድዊች። ሃም የሚሉት የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች። በወተትና በቅቤ የተጋገረ ስኮን። ክሬም። የኪያሩን ሳንድዊች «ይኸው የእኔ!» ብዬ አነሳሁና ገለጥ ሳደርገው ከኪያሩ ሥር ቅቤ ተለቅልቋል። ባዶ ሻይ ጠጥቼ ተነሳሁ፤ ልጄ የሁለት ሰው ሙሉ ሂሳብ ከፈለች። የቤቱ ጥፋት አልነበረም። ያልተነገረውን ማን ያውቃል?

እዚያ «ጾም ላይ ነኝ» ብትዪ ምንም የማትበዪ መስሏቸው ያዝኑልሻል። ቪጋን በዪ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ነው፤ ከእኛ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ዓሣም አይገባበትም። አብዛኞቹ ቤቶች ያዘጋጃሉ፤ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለመምህርሽ መልስ ስትጽፊ በአንድ መስመር አስገቢው። ቅዳሜ ነው፣ ጾም አይደለም ትዪኝ ይሆናል፤ ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለስ? አብራሽ የምትሄደው ጓደኛሽ ደግሞ ሙስሊም ናት፤ ለእሷ ሃሙ ብቻ አይደለም ነገሩ። የሚንቀጠቀጠው ጣፋጭ ጄላቲን ይኖረዋል፤ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። የፍራፍሬ ኬኩ ብራንዲ ጠጥቶ ይሆናል። ሻምፓኝ የሚጨምሩበትም ግብዣ አለ። ትጠይቅ። መጠየቅ እዚያ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጅ ጠያቂ ይወዳል፣ የማይጠይቅና በኋላ የሚያኮርፍ ደንበኛ ነው የሚያስመርረን።

4. ትሪው ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከምድር ቤት ጀምሪ። ከታች ጠርዙ የተቆረጠ፣ ጣት የሚያክል ሳንድዊች ይደረደራል፤ ኪያር፣ እንቁላል፣ በጭስ የታጠነ ሳልመን ዓሣ። መሀል ላይ ስኮኑ አለ። ከላይ ኬኩ። ዓይንሽ መጀመሪያ ላዩን ያያል፤ እጅሽ ግን ይታገሥ። ጨው ይቀድማል፣ ስኳር ይከተላል። ስኮኑ ትኩስ ከመጣ ግን ሳይቀዘቅዝ አንሺው፤ ሥርዓትን ብሎ ትኩስ ዳቦ የሚያቀዘቅዝ ሰው ሞኝ ነው።

ስኮን ምንድን ነው አትዪኝ፤ እርሾ የሌለው፣ በቤኪንግ ፓውደር የተነፋ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው። ቢላ አያስፈልገውም፤ በደንብ የተጋገረ ከሆነ ወገቡ ላይ በእጅ ሲይዙት ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ትቀቢያለሽ። መልሰሽ ገጥመሽ እንደ ሳንድዊች አትግመጪው። የሚቀባው ማርማላታና ክሬም ነው። ክሬሙ ኬክ ቤታችን የምታውቂው ዓይነት አይደለም፤ ወፍራም፣ ቢጫ የሚል፣ ከቅቤ የቀለለ ከእርጎ የከበደ ነገር ነው። ክሎትድ ክሪም ይሉታል።

እዚህ ላይ ጠብ አለ። ዴቨንና ኮርንዎል የሚባሉ ሁለት ጎረቤት አውራጃዎች አሉ። ዴቨኖች ክሬሙ ይቅደም ይላሉ፤ ኮርንዎሎች ማርማላታው። ዘመን ያስቆጠረ ክርክር ነው፤ ሲያወሩት ይስቃሉ፣ ግን ከልባቸው ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ክሬሙ ከሥር ሲገባ ይቀልጣል፣ ስለዚህ እኔ ኮርንዎል ነኝ። አንቺ ሳትቀምሺ ወገን አትያዢ።

5. ሻዩን አትዘዢ፤ ምረጪ። እኛ «ሻይ» ብለን እናዛለን፤ ብርጭቆው ቀረፋና ቅርንፉድ እየሸተተ፣ ስኳሩ ገብቶበት ይመጣል። እዚያ አንድ ገጽ ሙሉ የሻይ ስም ይሰጡሻል። አትደናገሪ። ኢንግሊሽ ብሬክፋስት የሚለው ጠንካራ ድብልቅ ነው፤ ለእኛ ምላስ የሚቀርበው እሱና አሳም የሚባለው የህንዱ ሻይ ናቸው። ሁለቱም ወተት ይችላሉ። ዳርጂሊንግ ቀለል ያለ ነው፤ ወተት ይገድለዋል። አርል ግሬይ ቤርጋሞት ከሚባል የብርቱካን ዘመድ በሚወጣ ዘይት የታሸ ነው። ሻይ በሎሚ የሚወድ ሰው ይወደዋል፤ እናትሽ ግን ሽቶ ነው ብላ ትመልሰዋለች።

ሻያቸው አይንተከተክም። የፈላ ውሃ ቅጠሉ ላይ ይደፋና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ በቃ። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። አጠገብሽ ሌላ ትንሽ በራድ ውሃ ብቻ ይዞ ከመጣ ለእጅ መታጠቢያ አይደለም፤ ሻዩ ሲጠነክር ለማቅጠኛ ነው። ቅጠሉ ልቅ ከሆነ ስኒው ላይ ማጥለያዋን ማስቀመጥ አትርሺ። ወተቱ ቀዝቃዛ ነው። እሱን መጀመሪያ ማድረግ ነው ሻዩን የሚለውም ሌላ ክርክር ነው፤ ድሮ ርካሽ ስኒ በፈላ ሻይ እንዳይሰነጠቅ ወተት ይቀድም ነበር ይባላል። በኋላ የደህና ዕቃ ባለቤት መሆኑን ማሳየት የፈለገ ሁሉ ሻዩን አስቀደመ። ሻዩን ካስቀደምሽ ቀለሙን እያየሽ ወተቱን ትመጥኛለሽ፤ ለዚህ ብለሽ አስቀድሚው።

ሻይ በወተት እኔ መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ፣ ዊንጌት ነው። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 በእንግሊዞች እርዳታ ተከፍቶ ብዙ እንግሊዛውያን መምህራን ነበሩበት፤ ስሙም ከጃንሆይ ጋር በጎጃም ከገባው የእንግሊዝ መኮንን ነው የተወሰደው። እናቴ ለአንዱ መምህር ቤት እንቁላል ስትሸጥ ቅርጫቱን እኔ እሸከም ነበር። አንድ ቀን የመምህሩ ሚስት በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ ወተት የገባበት ሻይ ያለ ምንም ስኳር ሰጠችኝ። ለመጨረስ የወሰደብኝን ጊዜ እግዜር ነው የሚያውቀው። አስተናጋጅ ከሆንኩ በኋላ ስኳሩን ከሻዩ ቀድሜ አቀርብ የነበረው ለዚህ ይሆናል።

የሚቀዳው ማን ነው? እኛ ዘንድ ታናሽ ይነሳል። አንቺም ዘለሽ በራዱን እንደምትይዢ ይታየኛል። እዚያ የጋበዘ ሰው ነው የሚቀዳው፤ «እናት ልሁን?» ብለው ይቀልዳሉ፣ እኔ ልቅዳላችሁ ለማለት ነው። የመጀመሪያውን ስኒ ለመምህርሽ ተዪላት፤ ሁለተኛውን አንቺ ቅጂ፣ ደስ ይላታል።

6. «አይ፣ በቃኝ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ተጠቀሚ። እኛ ሦስት ጊዜ ሳንለመን አንበላም። «በሞቴ!» ካልተባልን እጃችን አይዘረጋም። እዚያ አንድ ጊዜ በቃኝ ያለ ሰው በቅቶታል ብለው ያምኑታል። ትሪው ይነሳል። እኔ በሆቴሉ ዘመኔ ስንት የአገራችን ሰው ፈረንጅ ጋብዞት፣ ለይሉኝታ «በልቻለሁ» ብሎ፣ ኬኩ ወደ ጓዳ ሲመለስ በዓይኑ ሲሸኘው አይቻለሁ! ከፈለግሽ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ አመሰግናለሁ» በዪ። አንቺም በተራሽ መምህርሽን አትጫኚያት፤ አፏ ላይ ማጉረስማ አይታሰብ።

7. ትንሿን ጣት ወደ ላይ መቀሰር ፊልም ላይ ያለ ነገር ነው፤ ቀሳሪ ይሳቅበታል። ስታማስዪም ማንኪያው ስኒውን እንደ ቃጭል አይምታ።

8. ሃይ ቲ የሚል ማስታወቂያ ብታዪ የተሻለው መስሎሽ አትሂጂ። እኔም ለዓመታት «ሃይ» ማለት የባለ ሥልጣን ሻይ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሃይ ቲ የሠራተኛ እራት ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ሰው በ11 እና በ12 ሰዓት መሀል ከፍ ወዳለው የምግብ ጠረጴዛ ቀርቦ ሥጋውን፣ ዳቦውንና አይቡን ከሻይ ጋር የሚበላበት። የባላባቶቹ ሻይ ነው በዝቅተኛው ጠረጴዛ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚጠጡት። ዛሬ ከእንግሊዝ ውጭ ያሉ ሆቴሎች ሁለቱን ያደባልቁታል፤ ለእንግሊዛዊ ግን ልዩነቱ አለ።

9. ጨዋታ ይዘሽ ሂጂ። የሚከፈልበት ቁጭ ብሎ ማውራቱ ነው፣ ሻዩ ሰበብ ነው። የአየሩን ነገር አንሺ፤ ባዝ ዝናብ አይጠፋም፣ ወሬም አይጠፋም። ደመወዟን፣ ዕድሜዋን፣ ለምን እንዳላገባች አትጠይቂ። እኛ ይህን የምንጠይቀው ከፍቅር ነው፤ እዚያ ምርመራ ነው።

ከየት ነሽ ስትልሽ «ከአዲስ አበባ» ብለሽ አትለፊ፤ ኮልፌ በዪ። ማንዴላ በ1962 ለንደንን ጎብኝቶ ሲያበቃ የመጣው ወዲህ ነው፤ ወታደራዊ ሥልጠናውን የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ነው። እሱ ከለንደን ወደ ኮልፌ መጣ፣ አንቺ ከኮልፌ ወደዚያ ትሄጃለሽ። ከዚህ የተሻለ የጨዋታ መክፈቻ አላገኘሁልሽም።

10. ይህን በተለይ ለአንቺ ነው የምጽፈው። በእኔ ወጣትነት እዚህ ሰፈር ሴት ልጅ ብቻዋን ሻይ ቤት ገብታ ብትቀመጥ ሰፈሩ ሳምንት ያወራ ነበር። እናትሽን ጠይቂያት። እንግሊዝ አገርም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በቪክቶሪያ ዘመን የተከበረች ሴት ያለ ወንድ አጃቢ ከቤቷ ውጭ የምትበላበት ቦታ አልነበራትም፤ መጠጥ ቤት አትገባም፣ ክበቡ የወንድ ነው። በ1864 አንድ የለንደን ዳቦ ኩባንያ ሱቁ ውስጥ ሻይ መሸጥ ጀመረ። በ1894 ደግሞ ላየንስ የሚባል ኩባንያ ፒካዲሊ ላይ ሻይ ቤት ከፈተ፤ ወዲያው ከተማውን ሞላው። ዋጋው ርካሽ፣ ቦታው ንጹሕ፣ መጠጥ የለም። ሴቶች ተቀመጡ። ጸሐፊዎች፣ ሻጮች፣ አስተማሪዎች ለምሳ መጡ። የመምረጥ መብት የሚጠይቁት ሴቶችም የተማከሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ስኒውን ስታነሺ ይህን አስቢ እንጂ ዱቼሷን ብቻ አታስቢ።

የላየንስን አስተናጋጆች ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ኒፒ» ይሏቸው ነበር፤ ቀልጣፋ ማለት ነው። ጥቁር ቀሚስና ነጭ ሽርጥ የለበሱትን ፎቶግራፋቸውን ልጄ ስታሳየኝ የሥራ ባልደረቦቼን ያየሁ መሰለኝ። ቀጥሎ የምነግርሽ ለትምህርትሽ ነው። ላየንስ የሻይ ቤቱ፣ የኬኩና የዳቦው ሂሳብ በዛበት። ስለዚህ ራሱ ኮምፒውተር ሠራ። ስሙ ሊዮ ይባላል፤ በ1951 ሥራ ሲጀምር በዓለም ላይ ለንግድ ድርጅት የዕለት ሥራ የዋለ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነበር። የምትማሪው ሙያ ለንግድ ሥራ የገባው በሻይና በኬክ ሂሳብ ነው እልሻለሁ። መምህርሽ ይህን ከአንቺ ስትሰማ ስኮኗን አስቀምጣ ታዳምጥሻለች።

11. ሂሳብ። የጋበዘች ትከፍላለች፤ «እኔ ልክፈል፣ በእግዚአብሔር!» ብለሽ ወረቀቱን አትንጠቂያት። እኔ ተናጥቀው ሂሳቡን የቀደዱ ሁለት ደጃዝማቾች አስተናግጃለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን አንቺ ጋብዣት፤ ያን ጊዜ ዋጋውን ዕወቂ። እንደ ባዝ ባለ ከተማም ሙሉው ትሪ ውድ ነው፤ የለንደን ታላላቅ ሆቴሎች ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይጠይቃሉ። ለተማሪ ይህ ዕብደት ነው። ክሪም ቲ የሚባል አለ፤ ሁለት ስኮን፣ ማርማላታ፣ ክሬምና አንድ በራድ ሻይ። ዋጋው ከግማሽ በታች ነው፤ በእኔ ምላስ ደግሞ ዋናው እሱ ነው፣ ላይኛው ኬክ ለዓይን ነው።

ጉርሻውን ከመስጠትሽ በፊት ሂሳቡን አንብቢ። ብዙ ቦታ 10 ወይም 12.5 በመቶ የአገልግሎት ብለው ጨምረውበታል፤ ሁለቴ አትክፈዪ። ካልጨመሩ አስቢላቸው። የአስተናጋጅ ልጅ ባትሆኚም የአስተናጋጅ ጎረቤት ነሽ። የተረፈውን ኬክ በካርቶን አድርጉልኝ ማለት አያሳፍርም፤ ራሳቸው ይጠይቁሻል። ጠረጴዛው ደግሞ የተሰጠሽ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ነው። እንደ እኛ ሻይ ቤት በአንድ ብርጭቆ እስከ ማታ አያስቀምጡሽም።

12. ሁሉም ቡና ይዘሽላት ሂጂ ይልሻል። እኔ ሻይ ያዢላት እልሻለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከሚጠጣው ሻይ ብዙው ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚሄድ ነው፤ የእኛ ግን አይታወቅም። ቦንጋ አጠገብ ከውሽውሽ፣ ጎሬ አጠገብ ከጉመሮ የተለቀመ ቅጠል አንድ ሁለት ፓኬት ከሱቅ ግዢ። ቀረፋና ቅርንፉድ ለብቻው ቋጥሪ። አንድ ቀን ቤትሽ ጠርተሽ እንደ እናትሽ አድርገሽ አንተክትኪላት። ቅጠል ተንተክትኮ ስታይ ትደነግጣለች፤ ስትቀምሰው ድንጋጤዋ ይለቃታል። ይህን ስታደርጊ ግን ከቡናችን ጋር አታወዳድሪው። ቡና ጎረቤት ተጠርቶ በነጻ ነው፤ የሻይ ቤቱ ትሪ በነፍስ ወከፍ ተከፍሎ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ደስታ አላቸው።

13. ሻዩን ስትጨርሱ መምህርሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፤ ፌርፊልድ ሐውስን ታሳይሽ። ባዝ የፍል ውሃ ከተማ ናት፤ ሮማውያን ያነጹት መታጠቢያ ዛሬም አለ፣ ውሃው በ46 ዲግሪ ሙቀት ከመሬት ይወጣል። አጠገቡ ፓምፕ ሩም የሚባል የ18ኛው መቶ ዘመን አዳራሽ አለ፤ እዚያም ሻይ ይጠጣል። ጃንሆይ በ1936 ጣሊያን አገር ሲይዝ ተሰደው የገቡት በዚህች ከተማ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ከቆረቆሯት ከተማ ወጥተው ሌላ የፍል ውሃ ከተማ ውስጥ ተቀመጡ። ፌርፊልድን ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት፤ በገንዘብ ተቸግረው ያሳለፉት ዘመን ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማው አረጋውያን ሰጡ። ኬልስተን በሚባለው መንገድ ላይ ነው፣ እንደ ኮልፌ ከከተማው በስተ ምዕራብ። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ እኔ በዚያ የዝናብ ጠዋት ሄጄ ደጁን ብቻ አይቼ ተመለስኩ።

አንቺ ገብተሽ ውስጡን እዪና ንገሪኝ። የመጀመሪያ ዕረፍትሽ ላይ ስትመጪ 18 ማዞሪያ ሻይ ቤቱ ደጃፍ በ10 ሰዓት እጠብቅሻለሁ። በእኛው 10 ሰዓት። ቦምቦሊኖው በእኔ ነው።